ሸማኔው መርፌ ሲይዝ

የባሌን አባት በሰፈሩ ሁሉ «ቆጣሪው» ነው የሚሏቸው። ሸማኔ ናቸው፤ እግራቸውን ሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ሰድደው ከተቀመጡ ከንፈራቸው አያርፍም። ጥለት የሚወጣው ከድሩ አንዱን አንስቶ ሌላውን ዘሎ ነውና፣ «ሁለት ዝለል፣ አንድ አንሳ፣ ሦስት ዝለል፣ አንድ አንሳ» እያሉ ለራሳቸው ያንሾካሹካሉ። ሰው በር ላይ ቆሞ ሰላም ቢላቸው ረድፉን ሳይጨርሱ አይመልሱም። አንድ ቀን የመብራት ሠራተኛ መጥቶ «ቆጣሪው የት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው ሳይስቅ ወደ እሳቸው ሥራ ቤት መራው። ሠራተኛው ደብተሩን ገልጦ ለማንበብ መምጣቱን ነገራቸው። እሳቸው ረድፋቸውን ጨርሰው ቀና አሉና፣ «እኔን ማንበብ የምትችል አንዲት ሴት ናት፤ እሷም ገበያ ሄዳለች» አሉት።

ያቺ ሴት አማቴ ነበሩ፤ እማማ ነው የምላቸው፣ እሳቸውን ደግሞ አባባ። ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ምላሳቸው ምላጭ፣ ልባቸው ግን ቂም የማያድርበት። አባባ ባገቧቸው ዓመት አንድ ነጭ የጥጥ ሻሽ ሸምነው ሰጧቸው፤ ጠርዙ ላይ በጥቁር አረንጓዴና በአመድማ ክር የወጣ ጥለት ነበረበት። መስመሩ ወደ ላይ ይሄድና ጫፍ ሲደርስ ዞሮ ይመለሳል፤ እንደገና ይሄዳል። እማማ «ሄዶ መጣ» ብለው ስም አወጡለት። ሻሹ ሲያልቅ አባባ ሌላ ይሸምናሉ፤ ያም ሲያልቅ ሌላ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ እማማ ከቤት ሲወጡ ፀጉራቸውን የሸፈኑት በዚያ ጥለት ነው። ለገበያ ተሸምኖ አያውቅም። አንዲት የቆየች ደንበኛ በእማማ ራስ ላይ አይታው ለልጇ ሠርግ አጥብቃ ብትለምናቸው፣ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል ብለው መለሷት። ሴትዮዋ ተቀይማ ቀረች፤ እማማ ግን «ቆጣሪው ተበላሸ» እያሉ ወሩን ሙሉ ሲስቁ ከረሙ።

እኔ ምራት ሆኜ እዚህ ቤት ስገባ ሙያዬን ይዤ ነው የገባሁት። ጥልፍ እጠልፋለሁ፤ በተለይ ሒጃብ። ባሌ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፣ ሳምንት ወጥቶ ሁለት ቀን ነው የሚያድር፤ «ጠላፊ አገባሁ ብዬ ራሴ ተጠለፍኩ» እያለ ይቀልዳል። በገባሁ በሳምንቱ ዘመድ በተሰበሰበበት እማማ ሥራሽን አሳዪን አሉኝና ከሁሉ የምወደውን፣ አበባ የሞላበትን ሒጃብ አወጣሁ። ሴቶቹ እጅ በእጅ ተቀባበሉት። አባባ ጋ ሲደርስ ፊቱን እንኳ አላዩትም። ገለበጡት። ጀርባው ላይ ቋጠሮው፣ የተንጠለጠለው ክር፣ ከአበባ ወደ አበባ የዘለለው ስፌት ሁሉ ተዝረክርኳል።

«ፊቷን ታጥባ ጀርባዋን የረሳች» አሉና ሳቁ።

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ያኔውኑ ረስተውታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደሚባለው፣ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራዬን ከዓይናቸው አራቅሁ። ከጓዳው ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል መስኮቱ ሥር ተቀምጬ፣ በሩን ዘግቼ እጠልፋለሁ። እሳቸውም በሬን አንኳኩተው አያውቁም። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ሙሽሪት እያሉ ይጠሩኛል፣ ስታመም ሐኪም ቤት የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው። በሥራዬ ነገር ግን አሥራ አንድ ዓመት ቃል ሳንለዋወጥ ኖርን።

እማማ የጡታቸውን እባጭ ለስንት ወር እንደደበቁት እስከ ዛሬ አናውቅም። እኔ ያየሁት ልብስ ሲቀይሩ በድንገት ገብቼ ነው። ሐኪሞቹ ጡቱን ቆረጡ፣ ከዚያ ኬሞ ጀመሩላቸው። በየሦስት ሳምንቱ እኔና አባባ ይዘናቸው እንሄዳለን፤ ረጅም ክፍል ነው፣ ወንበሮቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፣ መድኃኒቱ ከላይ ተሰቅሎ ጠብ ጠብ ይላል። ከሁለተኛው በኋላ ፀጉራቸው በእጃቸው ላይ እየቀረ መጣ። በሦስተኛው ምንም አልቀረም።

እማማ ቤት ውስጥ፣ ለባላቸውና ለእኔ፣ ፀጉራቸውን ሸፍነው አያውቁም ነበር። ወገባቸው የሚደርስ ፀጉር ነበራቸው፤ አባባ ከሥራ ቤት ሲመለሱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሲያበጥሩት ያገኟቸዋል። አሁን ከአባባም መሸፈን ጀመሩ። ሲተኙም አያወልቁትም። አንድ ቀን ፊታቸውን ሳጥባቸው ሻሹን ከግንባራቸው ገፋ ባደርገው ከጆሮ እስከ ጆሮ ቆዳቸው ቀልቶ ተልጧል። ጥጡ ነው። ሕመሙ ቆዳቸውን የሕፃን ቆዳ አድርጎታል፣ የአባባ ጨርቅ ደግሞ ዕድሜ ልክ እንዲያገለግል ተመትቶ የተሸመነ ነው። እሾህ እንደ መጠምጠም ሆኖባቸው ስንት ቀን ችለውታል።

ለአባባ እንዳልነግር አስማሉኝ። እኔም ገበያ ወርጄ እንደ ውሃ የሚፈስ፣ ስስ፣ ምንም የሌለበት አመድማ ሒጃብ ገዛሁላቸው። አድርገውት መስታወት አዩ። ደስ አላቸው ወይ ብዬ ስጠብቅ፣ «የሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ» አሉ ቀስ ብለው።

አባባ ማታውኑ አይተው የእሳቸው ሻሽ የት እንደሄደ ጠየቁ። እማማ ታጥቦ ነው አሏቸው። በሦስተኛው ቀን አባባ እኔን ጓዳ ጠርተው፣ ሦስት ቀን የማይደርቅ ሻሽ በዕድሜያቸው አይተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። መሐላዬን አፍርሼ እውነቱን ተናገርኩ። እሳቸውም ሥራ ቤታቸው ገቡ። ያላቸውን የመጨረሻ ቀጭን ክር መርጠው፣ በሳሙና ዘፍዝፈው፣ ሳይመቱት ላላ አድርገው አዲስ ሸመኑ። አምስት ቀን ፈጀባቸው። እማማ አደረጉትና እንደ ሐር ነው፣ ዱሮም እንዲህ ብትሸምን ምን ነበረበት እያሉ ቀለዱ። አባባ ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው ያዩዋቸዋል። ብዙም ሳይቆይ የእማማ ጣት ሳያውቁት ከጠርዙ ሥር ገባ። አባባ ተነሥተው በገዛ እጃቸው ፈቱላቸውና አመድማውን መልሰው አደረጉላቸው።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ በሬ ተንኳኳ። አባባ ናቸው። አመድማውን ሒጃብ፣ ትርፉን፣ በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ ለመቀየሪያ ብዬ ሁለት ነበር የገዛሁት። ግቡ ብላቸውም ደፉ ላይ ቆሙ።

«ሙሽሪት፣ መርፌ እንዴት ነው የሚያዘው?»

አሥራ አንድ ዓመት ያብሰለሰልኩት ቃል አፌ ላይ መጣ። ግን እጃቸውን አየሁት። መወርወሪያ የያዘበት ቦታ ሁሉ ደንድኖ ቀንድ ሆኗል፤ ያ ስስ ጨርቅ በቆዳቸው ሻካራ ላይ እየተያዘባቸው፣ እንዳይቀደድ ፈርተው እንደ ጫጩት ነው ያቀፉት። ወንበሬን ለቅቄላቸው መርፌ አቀበልኳቸው።

መጀመሪያ ላይ የሚያበሳጨው ነገር ብዙ ነበር። መርፌው ከጣታቸው ይጠፋል። ጨርቁ ይንሸራተታል። «ይሄ ጨርቅ አጥንት የለውም» ይላሉ። ከሁሉ የባሰው ግን ቁጥሩ ነው። የሽመና ጥለት በክር ቆጠራ ነው የሚወጣው፤ በዚያ ስስ ጨርቅ ላይ ክሩ በዓይን አይታይም፣ የሚቆጠር ነገር የለም። እኔ እንደ ልማዴ በጠመኔ ነደፍኩላቸው። ሁለት መስመር ሠርተው ፈቱት። ሥዕል ነው፣ ጥለት አይደለም አሉ፤ መስመሩ በግምት ይሄዳል እንጂ አይቆጠርም። ሦስት ጊዜ ሠርተው ሦስት ጊዜ ፈቱ። እኔም ተስፋ ቆርጬ፣ ሒጃቡ ላይ ከገበያ የተገዛ ጥለት ልንሰፋበት እንችላለን ብላቸው እንደ ነውር አዩኝ።

መላው የመጣው ከሕክምና ክፍሉ ነው። ነርሷ የእማማን ክንድ ልታስር ፋሻ ስትገልጥ አባባ ብድግ ብለው እጇ ሥር ገቡ። ፋሻውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግተው ያዩታል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«ድሩም ማጉም ይቆጠራል» አሉኝ ዞረው።

ነርሷ ሰውዬው ነካ ያደርጋቸዋል እንዴ በሚል ዓይን አየችኝ። እማማ ከወንበራቸው ላይ፣ ነገሩን ሳያውቁ፣ ቆጣሪ ናቸው፣ አትፍሪያቸው አሏት።

ስንመለስ መድኃኒት ቤት ገብተን አንድ ጥቅል ፋሻ ገዛን። ፋሻውን በሒጃቡ ጠርዝ ላይ ወጥረን ነካ ነካ አድርገን ሰፋነው። አባባ በፋሻው ክር ላይ እየቆጠሩ ሁለቱንም ጨርቅ አብረው ይወጋሉ። ጥልፉ ሲያልቅ የፋሻው ክር አንድ በአንድ ይመዘዛል፤ ሥር ያለው ሒጃብ ጥለቱን ይዞ ይቀራል። የስንዝር ያህል ሠርተን ፋሻውን ስንመዝ «ሄዶ መጣ» በጥቁር አረንጓዴ ክሩ ብቅ አለ፣ እንደ ተሸመነ ቀጥ ብሎ። አባባ አልሳቁም። ገለበጡት።

ጀርባው ላይ ቋጠሮዎቹ እንደ አሸዋ ፍሬ ተደርድረዋል። በዚያ ቆዳ ላይ እያንዳንዷ ፍሬ ጠጠር ናት። የጀመሩበትን ክር እኔ ነበርኩ እየቋጠርኩ የሰጠኋቸው።

ያኔ የተማርኩት እኔ ነኝ። ቋጠሮ አይቋጠርም አሉኝ፤ ክሩ ሲጀምርም ሲያልቅም ጫፉ በራሱ ስፌት ሥር ይተኛል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው አይዘለልም፣ ጀርባውም ፊት ይሆናል። በሽመና እንዲህ ነው። እጄን ይዘው አሳዩኝ። የዚያን ዕለቱን ሳቅ አስታውሰው ይሆን ብዬ ፊታቸውን አየሁ፤ ጭራሽ የሉበትም፣ መርፌው ላይ ናቸው። እኔም ከዚያ ወዲያ አላነሳሁትም። ምን ብዬ አነሳዋለሁ፤ እውነታቸውን ነበር።

ሁለት ወር ያህል ከቀትር በኋላ እማማ ጋደም ሲሉ እኛ ከጎናቸው ባለው ክፍል በሩን ገርበብ አድርገን እንሠራለን። አባባ ረጅሙን ጠርዝ፣ ፊት ላይ የሚውለውን፤ እኔ አጭሮቹን ጫፎች። ስጦታው ድብቅ ነበር። አንድ ቀን ሾርባ ሳቀርብላቸው እማማ ፈገግ ብለው እያዩኝ፣ «የተኛሁ መስሎት ነው? ዓይኔን ስጨፍን ሲቆጥር እሰማዋለሁ። ሲሳሳትም አውቃለሁ፤ ዝም ይላል» አሉኝ። እንዳወቁ ለአባባ እንዳልነግራቸው አስማሉኝ። ይሄኛውን መሐላ ጠበቅሁት።

ሐኪሙ እኔንና ባሌን ኮሪደር ላይ ጠርቶ ሕመሙ ጉበታቸው እንደደረሰ የነገረን በዚያው ሰሞን ነው። ባሌ አባቱን መንገር አቃተው። መኪና ማቆሚያው ድረስ ሄዶ መሪውን ተደግፎ አለቀሰና ተመለሰ። እኔ ነገርኳቸው። አባባ መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰክተው ስንት ጊዜ እንደቀረ ጠየቁ። ሐኪሙ ቀን አልቆረጠም አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁና መርፌውን ነቅለው ቀጠሉ። የዚያን ቀን ከንፈራቸው አልተንቀሳቀሰም፤ ረድፉም ተሳሳተ፤ ሁለታችንም እያየን አልፈነው በማግስቱ ፈታነው።

ያለቀ ዕለት እማማ እንዳላወቁ ሆነው ተቀበሉት። እጃቸው ስለደከመ አባባ ናቸው ያደረጉላቸው። ጠርዙ ግንባራቸው ላይ አርፎ በጉንጫቸው ወርዶ ትከሻቸው ላይ ፈሰሰ። እማማ ጣታቸውን ከጠርዙ ሥር አስገብተው ወዲያና ወዲህ አመላለሱት።

«አይኮሰኩስም» አሉ።



አሥራ ሰባት ቀን አደረጉት። በመጨረሻው የሕክምና ቀጠሮ ሴቶቹ ከየወንበራቸው አንገታቸውን እያሰገጉ አዩአቸው። ሁሉም እንደ እሳቸው ራሳቸውን በአንድ ነገር የጠቀለሉ ናቸው፤ አንዷ በሹራብ ቆብ፣ አንዷ በፎጣ። ከጎናቸው የነበረች አንዲት ለጋ እናት፣ መሬት መሬት የምታይ ዝምተኛ፣ ከየት እንደገዙት ጠየቀቻቸው። ባሌ ነው የጠለፈው አሏት። አላመነችም። እማማ ጠርዙን ገልብጠው ጀርባውን አሳዩአት፤ ያቺ ዝምተኛ በጣቷ ዳሰሰችው። አባባ ጥግ ላይ ቆመው የማይሰሙ መስለው የግድግዳውን ማስታወቂያ ያነባሉ።

እማማ አንድ ማለዳ፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ሄዱ። እጃቸው በአባባ እጅ ውስጥ ነበር።

የምታጥባቸው ሴት መጣች፣ ጎረቤቶችም። የከፈኑ ጨርቅ ከገበያ ይምጣ አይምጣ ሲባል አባባ ከሥራ ቤታቸው ወጡ። ነጭ፣ ጥለት የሌለው ጥጥ፣ አምስት ቁራጭ፣ በልክ ታጥፎ። መቼ እንደሸመኑት ማናችንም አላየንም። አጣቢዋ ደግ ሴት ናት፤ ጨርቁን በመዳፏ ዳስሳ፣ ሻከር ይላል፣ ሱቅ ውስጥ ለስላሳ አለ፣ አሁኑኑ ይመጣል አለቻቸው በትሕትና።

«አሁን አይኮሰኩሳትም» አሉ አባባ።

አጣቢዋ ጨርቁን ተቀበለቻቸው። ሒጃቡን አጥፋ ለእኔ ሰጠችኝ፤ እኔም ለአባባ ሰጠኋቸው፤ ደረታቸው ላይ ከሸሚዛቸው ሥር አስገብተውት ወደ ቀብሩ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ቤቱ ድምፅ አጣ። መወርወሪያው ይመላለሳል፣ ሰው ግን አይቆጥርም፤ የሚሸምኑት ጥለት የሌለው ሜዳ ጨርቅ ብቻ ሆነ። ጫማ ሰፊው እያለፈ «ቆጣሪው ቆመ እንዴ?» ብሎ ሊያስቃቸው ሞከረ። ፈገግ አሉለት፣ ከይሉኝታ። መርፌም ዳግም አልያዙም።

በስድስተኛው ወር ያቺ ዝምተኛ የሕክምና ክፍሏ ሴት ሰው እየጠየቀች ቤታችንን አገኘችው። ፀጉሯ ጣት ያህል በቅሏል፤ አሁን ግን እህቷ ታማ ሕክምናውን ገና መጀመሯ ነው። ለእህቷ እንደዚያ ያለ ሒጃብ ፈልጋ ነው የመጣችው። የእማማን ማረፍ አልሰማችም ነበር፤ ስነግራት ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ጥለቱ የኔ አይደለምና መልስ መስጠት አልቻልኩም። አባባ ጋ ገብቼ እንደ ጥፋተኛ ቆሜ ነገርኳቸው። መወርወሪያቸውን አስቀመጡ።

«ያረጀውን ደብተርሽን አምጪ» አሉኝ።

የጥልፍ ንድፌን የምጽፍበትን፣ ዳር ዳሩ የተበላውን ደብተሬን ማለታቸው ነው። ቁጥሩን ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምረው ነገሩኝ፤ እኔ ጻፍኩ። ሠላሳ ሁለት ረድፍ ነው። አንድም ቦታ አልተሰናከሉም። ሲጨርሱ ድምፃቸው ሰልሎ ነበር። ሴትዮዋን ደጅ ላይ እንዳላቆያት፣ ግቢ እንድላት አዘዙኝ።

ከአንዷ ወደ አንዷ ወሬው ሄደ። አሁን ለታመሙትም ለጤነኞቹም እሠራለሁ፤ የአባባን ሌሎች ጥለቶች፣ ሰፋፊውንም ጠባቡንም፣ አንድ በአንድ በፋሻ ላይ እየቆጠርኩ ወደ ስስ ጨርቅ አምጥቻቸዋለሁ። የሽመና ደንበኛ በቀነሰበት ዘመን የአባባ ጥለቶች ከሥራ ቤቱ ይልቅ በእኔ ክፍል በዝተዋል። እሳቸው አይጠልፉም፤ ሥራዬ ሲያልቅ ግን አጠገቤ ተቀምጠው የፋሻውን ክር ይመዛሉ። ትዕግሥት የሚፈልግ ሥራ ነው። አንዳንዴ ጀርባውን ገልበጥ አድርገው ያያሉ፤ ምንም ካላሉ ደህና ነው ማለት ነው።

ባለፈው የክር መግዣ ቀናችን አብረን ገበያ ወረድን። መንገዱ በሰው ተሞልቷል። አባባ ከኔ አንድ እርምጃ ቀደም ብለው ነበር የሚሄዱት፤ በድንገት ፈጠኑ። በዚህ ዕድሜያቸው እንዲህ ሲፈጥኑ አይቼ አላውቅም፤ ሰው እየገፉ፣ እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው። ቀና ብል ከፊታቸው አንዲት ቀጭን ሴት ትሄዳለች፤ ጀርባዋን ነው የምናየው። አመድማ ሒጃብ፣ ጠርዙ ላይ «ሄዶ መጣ»፣ በጥቁር አረንጓዴ። የኔ ሥራ ነው። ሴትዮዋ ወደ ጎን መንገድ ስትታጠፍ ፊቷ ታየ፤ የማናውቃት ወጣት ናት። አባባ ቆሙ። ስደርስባቸው እጃቸው ገና አልወረደም ነበር።

«መሰለችኝ» አሉ።

ክንዳቸውን ያዝኩ። ክር ሳንገዛ ተመለስን።

ያን ጥለት አሁንም እጠልፋለሁ፤ በቀይ፣ በቡናማ፣ በሰማያዊ። በአመድማ ጨርቅ ላይ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልሠራውም፤ ጥቁር አረንጓዴ ክርም አላስነካውም። ደንበኞች ያንን ቀለም አጥብቀው ሲጠይቁኝ ክሩ አልቋል እላቸዋለሁ። አባባ ጎኔ ተቀምጠው ፋሻ እየመዘዙ ይሰሙኛል። የክር ሣጥኔ ክፍት ነው፤ ያ ክር እስከ አፉ ሞልቶ ይታያቸዋል።